ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ የተጠቀሰው

«የቱ ጎማ ነው?»

«የኋላ ቀኝ። ከአሰላ ጀምሮ ሲተነፍስ ነው የመጣው።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ኢተያ መግቢያ ላይ ጎማ የሚጠግነው አበጋዝ ክሪኩን አስገባ፤ ጎንበስ እንዳለ ከጎማው ጀርባ የተለጠፈችውን ፍላሽ ልጦ ኪሱ ከተታት። በስለላ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ስሙ «ጎሚስታው» ነው። የባለመኪናው አለቃ።

ባለመኪናው አሰላ ውስጥ ዶክተር ብሩህ አስናቀ ይባላል፤ የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪ። ዶክተርም አይደለም፣ ብሩህም አይደለም። እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው ካጣ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

«ሁሉም አለበት?»

«የሆስፒታሉ ኃላፊ ኃይለየሱስ የሕሙማኑን ፋይል ለማን እንደሸጠ፣ መቼ እንደሸጠ። ሁሉም።»

«ገዢው ነገ ጠዋት አራት ሰዓት አሰላ ይገባል። ሁለቱንም እንለቅማለን። እስከዚያ ዶክተር ነህ። ትንፍሽ እንዳትል!»

ያለ ጽሑፍ ተመራማሪ የለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በብሩህ ስም ሦስት የምርምር ጽሑፎች ፈጥሮ አሳትሟል። በጥናቱ ተካፈሉ የተባሉት ሕሙማን ጭራሽ የሉም። ሦስተኛው ጽሑፍ «ስድስት ወር ደህና የሆነ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ቢያቆም ችግር የለውም» ይላል። እሱ ገበያው ደራለት። ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ጠቀሱት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ግን እያደር ከበደ።

አሰላ ሲመለስ ወጣቷ የአእምሮ ሐኪም ራቢያ ቢሮው ውስጥ ስትጠብቀው አገኛት። ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ኃይለየሱስ ይስላል። ሁሉም ነገር ይሰማል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ያሳዩኝ። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

ሦስተኛውን ጽሑፍ ዘረጋችለት። ዳር ዳሩን በእርሳስ ሞልታዋለች።

«የሁሩታው መምህር አክመል ስምንት ወር ደህና ነበር። እዚህ እንዳሉት መድኃኒቱን አቆምኩለት። ሕመሙ ተመለሰበት። ባለፈው ወር ቀበሩት።»

ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ፈርቼ ጽፌልዎ ነበር እኮ። ‹አይዞሽ፣ ቀጥዪ› አሉኝ።»

ስልኳን ሰጠችው። ከደብዳቤው ሥር ስሙ አለ።

እሱ አልጻፈውም።

የብሩህን ኢሜይል የሚከፍት ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ጎሚስታው። ሽፋኑ እንዳይጠረጠር ብሎ በሰው ነፍስ ላይ መልስ ሰጥቷል። ለብሩህ ግን ትንፍሽ አላለም።

«ሌላ ያቆምሽለት ሰው አለ?»

«የሲሬዋ ሂባ። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እንቅልፍ አጥታለች፤ የማናየው ሰው ያናግራታል ብለው ቤተሰቦቿ ደወሉ። ነገ ከሰዓት ያመጧታል።»

ነገ ከሰዓት ወጥመዱ ተዘግቶ መናገር ይቻላል። ሌሊቱን ማን ይጠብቅላታል?

እርሳሱን አነሳ። በገዛ ጽሑፉ ኅዳግ ላይ ጻፈ። «ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው። ሕሙማኑ የሉም። ሂባን አሁኑኑ መድኃኒቷ ላይ መልሻት። እስከ ነገ አራት ሰዓት ለማንም አትንገሪ።»

ራቢያ አነበበች። ቀና አለች።

«አንተ ማነህ?» በሹክሹክታ ነበር።

ከግድግዳው ማዶ ሳሉ ቆመ።

«ስሌቱ ላይ ነው የተሳሳትሽው» አለ ብሩህ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ዓይኑ ይለምናታል።

እንባዋን ጠረገች። «ገባኝ፣ ዶክተር» አለች፤ ለግድግዳው ጭምር።

ሳሉ ቀጠለ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አበጋዝ ደወለ። ብሩህ ሌሊቱን የመምህሩን ሞት ጽፎለት፣ ጽሑፉ ይሰረዝ ብሎት ነበር።

«ሁለቱም ተይዘዋል። ጽሑፉ ግን ይቆያል፤ ስሙን ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን። ስለ መምህሩ ሐኪሟ ትጠየቅ።»

«ቀጥዪ ያልካት አንተ ነህ!»

«እኔ አይደለሁም። አንተ ነህ። ስምህ አለበት።»

ስልኩን ዘጋበት። ለአሳታሚው ጻፈ፤ ጽሑፉ ሐሰት ነው፣ ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ ነው፣ ሐኪሟ የሠራችው ጽሑፉን አምና ነው። ግልባጩን ለራቢያ ላከ። ሲም ካርዱን ሊሰብር ሲል የራቢያ መልእክት ገባ።

«ሂባ ተኝታለች።»

ከዚያ በኋላ ብሩህ አስናቀ የሚባል ሰው አልታየም። መሥሪያ ቤቱም አላውቀውም አለ።

አንድ ስንዴ ጫኝ ግን በየወሩ ኢንተርኔት ቤት ይገባል። ጽሑፉን ይከፍታል። አናቱ ላይ በቀይ «ተሰርዟል» ይላል። ሥር ያለው ቁጥር ግን አልቆመም። ሁለት መቶ ሃያ አንድ። ሳያነቡ የሚጠቅሱት ሰዎች ዛሬም አሉ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር አይቶት የማያውቀው መምህር ፊቱ ይቆማል፤ ይፈራዋል።

«ጨረስክ ወንድሜ?» አለችው የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለ ቁጥሩን እያየ። «እሱ ነው ያልጨረሰው።»