ያልጸደቀው ማዕረግ

ጄኔራል ጸጋዬ በስደት ኖርዝ ሜልቦርን በሚኖሩበት የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ የወታደር ኮታቸውን እንደለበሱ ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ባለቤታቸው እትዬ ፍቅርተማርያም ነበሩ። ነጠላቸውን አውልቀው ከአንገት እስከ ጉልበት ሸፈኗቸውና ፖሊስ ጠሩ።

መርማሪ ዶርቃ ነጠላውን ገለጠች። ኮቱ ላይ ያለው የጄኔራል ሳይሆን የኮሎኔል ማዕረግ ነበር፤ የደከመ እጅ በነጭ ክር የሰፋው። የግራ ትከሻው ማዕረግ በግማሽ ተቦጭቋል። ሰው ይዞ ጎትቷቸዋል ማለት ነው። ኮቱን በማስረጃነት ወሰደችው።

«እትዬ፣ ማዕረጉን ማን ቀየረው?»

እትዬ ፍቅርተማርያም መሬት መሬት አዩ። «ራሱ ነው። ትናንት ሲሰፋ አየሁት፤ ለምን ስለው መስፋቱን ቀጠለ። ለማንም አልተናገርኩም። የጄኔራል ሚስት ስባል ኖሬ ምን ብዬ ልናገር?»

የሟቹ ወዳጅ አቶ አምሳሉ ማሪቢርኖንግ ከሚባለው ሰፈር መጡ። አገር ቤት፣ በቀድሞው መንግሥት የምክር ቤት አባል ነበሩ።

«ሹመቱ እንዳልጸደቀ የነገርኩት እኔ ነኝ» አሉ ሳይጠየቁ። «ያኔ የጄኔራልነት ሹመት የሚጸናው ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ነበር። የሱ ስም ሲነበብ አንድ አባል ተነሥቶ ‹ይህ ሰው የሚመራው ጦር መንደር አቃጥሏል› አለ። ይጣራ ተባለ፤ ሳናጸድቅ መንግሥቱ ወደቀ።»

«እሳቸው አያውቁም ነበር?»

«ጸድቋል ብሎ የነገረው ረዳቱ ታዴዎስ ነው። እኔም እንዳላሳፍረው ፈርቼ ጄኔራል እያልኩ ኖርኩ። ሰሞኑን ግን ‹ምክር ቤቱ የመንደሩን ጉዳይ አይቶ ነጻ አውጥቶኛል› ሲለኝ ዝም ማለት አቃተኝ። እውነቱን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ‹እሁድ በአገር ልጆች ማኅበር ስብሰባ ሁሉንም እናገራለሁ› አለኝ።»

አቶ ታዴዎስን ዶርቃ ፖይንት ኩክ፣ ልጃቸው ቤት አገኘቻቸው። እንባቸው ይወርድ ነበር።

«ከፋሲካ ወዲህ አላየኋቸውም፤ መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት። እንዲያ ያሉ ጀግና፣ በነጭ ክር የተጣፈ የኮሎኔል ማዕረግ ለብሰው ይሙቱ?»

ዶርቃ ቃላቸውን ጽፋ ተሰናበተች። በማግስቱ ሦስቱንም ለቅሶው ቤት፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ አምሳሉ እውነቱን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ የሚደብቁት የላቸውም» አለች። «እትዬ ማዕረጉ ሲሰፋ ቆመው አይተዋል። ሊያስቀሩት ቢፈልጉ መቀስ እቤታቸው አለ። ማዕረጉ የተቦጨቀው ግን በእጅ ነው፣ በቁጣ። ክሩን ያየነው ደግሞ እትዬና ፖሊሶቹ ብቻ ነን፤ ሬሳው ተሸፍኖ ነበር፣ ኮቱም እኛ ጋ ነው።» ዞረች። «ጋሽ ታዴዎስ፣ ከፋሲካ ወዲህ ካላዩአቸው ክሩ ነጭ መሆኑን እንዴት አወቁ?»

አቶ ታዴዎስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መንደሩን አቃጥሉ ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አላዘዙም። ጸድቋል ያልኳቸው ሹመቱ ለምን እንደቀረ ጠይቀው ማን እንዳዘዘ እንዳይደርሱበት ነው። ሊናገሩ መሆኑን በስልክ ሲነግሩኝ ልለምናቸው መጣሁ። ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ እምቢ አሉኝ። ማዕረጉን ልነቅል ስጎትት ወደ ኋላ አሉና ወደቁ። ጥያቸው ሸሸሁ።»

ከዚያ እትዬ ፍቅርተማርያም ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ሰው ነበረበት? ሲቃጠል?»

አቶ ታዴዎስ አንገታቸውን ደፉ። አቶ አምሳሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዶርቃ አቶ ታዴዎስን ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። በደረጃው ለቅሶ ደራሾች ምግብ ይዘው እየወጡ ነበር። ኢቢሴ የምትባል ጎረቤት ድስቷን አስቀምጣ አቶ ታዴዎስ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሼ! ከወንድምም በላይ ነበራችሁ።»

የተከተሏትም ተራ በተራ ሳሟቸው። ዶርቃ ልትከለክል አንድ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። አቶ ታዴዎስ ቀና ሳይሉ፣ ጉንጫቸውን ለእያንዳንዱ እየሰጡ ወረዱ።