ከገደሉ አፋፍ የታየው ውድቀት

የተማሪ አብራሪው የወልደ አማኑኤል አስከሬን በባና ተጠቅልሎ፣ ቃሬዛ ላይ እንደተጋደመ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ አደረ። አታስገቡት ተብሎ ነዋ! አሠልጣኙ ሻምበል አባይነህ በጃንጥላ ወርዶ ተርፎ፣ «ሙት ወቃሽ አያርገኝ እንጂ ልጁ ራሱን ሊያጠፋ ሆን ብሎ አውሮፕላኑን አሽከረከረው» አለ። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። አባትየው መሪጌታ አፈወርቅ የስንቱን ሬሳ በዜማ ሸኝተው የገዛ ልጃቸውን ያለ ጸሎት ሊቀብሩ ነው። ይህ የማያናድደው ሰው ካለ ይንገረኝ።

መርማሪው ሻለቃ መኳንንት ከአዲስ አበባ እንደደረሰ የሟቹን ጫማ ገልብጦ አየ። በቀኙ ሶል ላይ የአውሮፕላኑ የእግር መርገጫ፣ የፔዳሉ ጥርስ በኃይል ታትሟል።

«ይኸው ጌታዬ» አለ አባይነህ። «አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ እሱ ቀኙን እየረገጠ ያብሰዋል።»

«አንተስ?»

«በኔ በኩል ያለውን መሪ አልነካሁም። ልምምዱ የሱ ነበር።»

«ሲገድልህ እጅህን አጣጥፈህ አየኸው?»



ውድቀቱን ያዩት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ብቻ ነበሩ። «ወደ ግራ ነበር የሚዞረው» ብለው በእጃቸው አሳዩ።

አባይነህ ፈገግ አለ። «ከታች ለሚያይ ቀኙ ግራ ይመስላል።»

«የት ቆመው ነበር እናቴ?» አለ ሻለቃው።

«ከአፋፉ ላይ፣ ጓሳ ሳጭድ።»

አብሯቸው ሄደ። ከአፋፉ ቁልቁል ሲያይ ንስሮች ከእግሩ በታች ይበራሉ፤ የሚታየው ጀርባቸው ነው። ተመልሶ ሁሉንም ከቅጥሩ በር ሰበሰበ።

«አውሮፕላኑ የወደቀው ገደሉ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ያዩት ከበላዩ ሆነው ስለሆነ ግራው ግራ ነው። ወደ ግራ ለሚሽከረከር መዳኛው ቀኙን ረግጦ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው፤ መሪው ወደ ኋላ ከተሳበ ግን መሽከርከሩን አይተውም። ልጁ ቀኙን ረግጧል። ሞት የፈለገ ሰው መዳኛውን አይረግጥም። እናቴ፣ ጃንጥላው ከተዘረጋ በኋላስ?»

«መዞሩን ተወ። ቀና ሊል ሲል መሬት ቀደመው።»

«አንዱ ሲወርድ መሽከርከሩ ቆመ። እንግዲህ መሪውን ወደ ኋላ ስቦ የያዘው የወረደው ሰው ነው።»

«የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ መሬት ሲደፋ የማይስብ ማን ነው?» አባይነህ ጮኸ። «እኔንስ ማን አስተማረኝ? ነዳጅ ይፈጃል ብለው ያንን ትምህርት ዘለሉት! እሱ ከመጽሐፍ አንብቦ ነው። ‹ይልቀቁት፣ ይልቀቁት› ይለኝ ነበር።»

መሪጌታ አፈወርቅ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ሳያስተምሩ የሾሙህንም እጠይቃቸዋለሁ» አለ ሻለቃው በቁጣ። «አንተ ግን አለማወቅህ ሳያንስ በሞተ ልጅ አላከክህ። ይህን አልምርህም።» የአብራሪነት ምልክቱን ከደረቱ ላይ ነቀለው።

ቄሰ ገበዝ ገብረ አማኑኤል አንገታቸውን ደፍተው «አንሡት፣ ይግባ» አሉ።

«ቆዩ» አሉ መሪጌታ ወደ አባይነህ እየጠቆሙ። «ከደጅ ያስቀረው እሱ ነው፤ እሱ ተሸክሞ ያስገባው።»

አባይነህ ወደ ሻለቃው ዞረ።

«ሰምተሃል» አለው ሻለቃው።

ጎንበስ ብሎ ከሌሎቹ ጋር ቃሬዛውን ተሸከመ። መሪጌታ ከፊት ቀድመው የልጃቸውን ፍትሐት ጀመሩ፤ ድምፃቸው ከንዴት ብዛት ይንቀጠቀጥ ነበር።