ለጠዋቱ በረራ ተተኪ

ካፒቴን ቡልቻ ሳንሱሲ ሰፈር ባለው ቤታቸው ደረጃ ስር ሞተው ሲገኙ፣ ሸሚዛቸው አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ለቀስተኛው ከሞታቸው ይልቅ በአረቄው ሽታ አፈረ። «ሰው ጭኖ የሚበር ሰው?» ይባባላል።

የአጥር ጎረቤታቸው ዋጋነሽ አንገቷን ደፍታለች። ልጇ ቃለጽድቅ የሟቹ ረዳት አብራሪ ነው፤ ለወግ ያበቁትም እሳቸው ናቸው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰብሌ ፎቁን ወጥታ ወረደችና ወደ ዋጋነሽ መጣች።

«እማማ፣ ልጅዎ ማታ የት ነበር?»

«ቤቱ ነዋ! በጊዜ ተኛ፣ እመብርሃንን!»

በእመቤቴ ስም ዋሽታ አታውቅም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

የሟቹ ወንድም ገሜዳ ተቆጣ። «ጠጥቶ ወደቀ፣ አለቀ! እንቅበረው፤ አታዋርዱን!»

«በአባታችሁ ቤት ውርስ ተጣልታችሁ አልነበር?» አለች ሰብሌ።

«ተጣልተናል። ሌሊቱን ግን አዳር ጸሎት ላይ ነበርኩ፤ ምእመኑን ጠይቂ።»

«እኔም 18 ማዞሪያ አክስቴ ጋ አድሬ፣ ነግቶ ስመጣ ነው ያገኘኋቸው» አለች ሠራተኛዋ ሚሚ እያለቀሰች።

በማግስቱ ሰብሌ ቃለጽድቅንም ጨምራ ሁሉንም ሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ዩኒፎርማቸው ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ሻንጣቸው በር ላይ ነው። ጠዋት በረራ ያለው አብራሪ ማታ መጠጥ አይቀምስም። ሐኪሙም ደማቸው ውስጥ ጠብታ አላገኘም። አረቄውን ሰው ነው ያፈሰሰባቸው።»

«ማን?» አለ ገሜዳ።

«አየር መንገዳቸው ጋ ደወልኩ። ገና ጎህ ሳይቀድ ረዳታቸው ደውሎ ‹ለሁለታችንም ተተኪ ፈልጉ› ብሏል። ሚሚ አስከሬኑን ያገኘችው ከነጋ ነው። ቃለጽድቅ፣ እሳቸው እንደማይመጡ በምን አወቅክ?»

ቃለጽድቅ ቀና ማለት አቃተው። «መብረር የማይችል አብራሪ ቀድሞ ያሳውቃል። ተሳፋሪው እንዳይጉላላ ብዬ...»

«ማታ ካፒቴኑስ የጠየቁህ ምን ነበር?»

«እሱኑ፣ ቀድሜ እንዳሳውቅ» አለ፣ እንባው እየወረደ። «ስለ በረራው ሊያወሩኝ ጠሩኝ፤ ሰርግ ላይ ጠጥቼ ነበር። ‹አትበርም። ራስህ ደውል፣ አለዚያ እኔ እደውላለሁ› አሉኝ። ስልካቸውን ልቀማ ስታገል ከደረጃው ገፋኋቸው። ከሰርጉ ይዤው የመጣሁትን አረቄ ያፈሰስኩባቸው የሰከሩ እንዲመስል ነው።»

ሰብሌ ዞረች። «እማማ፣ በጊዜ ተኛ ብለውኝ ነበር።»

«እማዬ፣ ተይ!» አለ ቃለጽድቅ።

«ዋሽቼሻለሁ ልጄ» አለቻት ዋጋነሽ ለሰብሌ። «ሲገባ አረቄው ሸቶኛል። ስንቴ እንዲያ ሆኖ ሊበር ሲወጣ ‹በሰላም ግባ› ብዬ መርቄ ሸኝቼዋለሁ! የሚጭነውን ሰው አንድ ቀን አላሰብኩም።»

ነጠላዋን እየጎተተች ለቀስተኛው ወደተቀመጠበት ድንኳን ወጣች። መሀል ላይ ቆመች።

«ካፒቴኑ አልጠጡም። የሰከረው የኔ ልጅ ነው፤ የሸሸግኩት እኔ።»

አንዲት ሴት ወንበር ልትለቅላት ተነሣች። ዋጋነሽ ግን አልተቀመጠችም።