መሰላል የጎደለው መልእክት

ላዳን ጅግጅጋ ውስጥ ካሉ ኮምፒውተር አዋቂዎች ፈጣኗ ነበረች፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። በ2014ቱ ድርቅ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጠራት። ውሃ ያለቀበት መንደር በስልክ አጭር መልእክት ይልካል፤ ፕሮግራሟ ከመልእክቱ የመንደሩን ስም ለይቶ ያወጣል፤ ቦቴውም ወደዚያ ይሄዳል። ስሙ የሚጻፈው፣ የስልክ ሂሳብ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ በኮከብና በመሰላል ምልክት መካከል ነበር።

ለዚህ የተወሳሰበ ቀመር አላስፈለጋትም። ፕሮግራሙ ኮከቡን ይፈልጋል፤ ከኮከቡ ቀጥሎ መሰላሉን ይፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ቆርጦ ያወጣል። መሰላሉን ካጣ ግን መልእክቱን ይጥለዋል። ለላኪውም ምንም አይመልስም።

የሥራ ባልደረባዋ መክሊት ይህን ስታይ አላስቻላትም። ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ሲጽፍ ምልክት ሊረሳ እንደሚችል ነገረቻት። ያልተነበበው ለብቻው ይቀመጥና ሰው ይየው ብላም ለመነቻት።

«መመሪያው ተነግሯቸዋል» አለች ላዳን ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። «አንዲት መሰላል መጨመር ያቃተው ይማርበት። ለዝንጉ ሁሉ ስል ሥራዬን አላንዛዛም።»

«ሳይነገረው በምን ይማራል?» አለች መክሊት። ላዳን ግን ፕሮግራሙን እንዳለ ሥራ ላይ አዋለችው።

ከሀርሺን ወዲያ ጌድዓድ በምትባል መንደር ዋበሪ የሚባል መምህር ይኖራል። መልእክት እንዲልክ መንደሩ የመረጠው እሱን ነበር። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ብርካ ሲነጥፍ ኮከቡን ነካ፤ የመንደሩን ስም ጻፈ፤ ውሃ አልቋል ብሎ ላከ። መሰላሉን ረሳ። ቦቴው ሲቀርበት ደግሞ ላከ። ስህተቱን የሚነግረው ስላልነበረ ያንኑ ይደጋግም ነበር። ቦቴዎቹ አቧራቸውን እያስነሱ ወደ ሌላ መንደር ሲያልፉ ቆሞ ያያል።

መጀመሪያ ፍየሎቹ አለቁ። ከዚያም ሰዉ የብርካውን ጭቃ በጨርቅ እያጠለለ መጠጣት ጀመረ። ተቅማጥ ገባ። የዋበሪ ልጅ ሳጋል አባቷ ሊሰጣት የማይችለውን ውሃ እየለመነችው እቅፉ ውስጥ ሞተች።

በመጨረሻ የጌድዓድ ሰዎች መንገድ ዘግተው አንድ የቦቴ ሾፌር አስቆሙ። ወሬው ጅግጅጋ ሲደርስ መክሊት ፕሮግራሙ ቢጥላቸውም በመቀበያው ስልክ ላይ የቀሩትን የዋበሪን መልእክቶች አንድ በአንድ ለላዳን አነበበችላት። ላዳን በማግስቱ ውሃ ከጫነው ቦቴ ጋር ወደ ጌድዓድ ሄደች።

ዋበሪ ማን እንደሆነች ሲሰማ ወደ እሷ መጣ። ሊሰድባት መስሏት አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ስልኩን ዘረጋላት፤ ምን እንደጎደለ አብሯት የመጣው ሾፌር አስረድቶት ኖሯል።

«መሰላሉን ረስቻለሁ» አላት። «ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ዝም ብትል ጥፋቱ እዚያው እሱ ላይ ይቀር ነበር። ላዳን ለአፍታ ያንን ተመኘች፤ በምኞቷም አፈረች።

«አይደለም፣ አዴር» አለችው፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት። «መልእክትዎ ደርሶ ነበር። እንዲጣል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰው ሊረሳ እንደሚችል ተነግሮኝ እምቢ ብያለሁ።»

ዋበሪ ይቅር አላላትም። ውሃውን ካራገፈ በኋላ ይዟት እንዲሄድ ለሾፌሩ ነገረውና ፊቱን አዞረ።

ላዳን ጅግጅጋ እንደተመለሰች ፕሮግራሙን አስተካከለች። አሁን መሰላል ሲጎድል መልእክቱ ሰው ፊት ይቀርባል፤ ላኪውም ምን እንደጎደለ ይነገረዋል። ማስተካከያው የፈጀባት አንድ ብርጭቆ ሻይ ከመጠጣት ያነሰ ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳትም ይኸው ነው።

እንግዲህ በኮምፒውተርም ሆነ በቢሮ መስኮት ሕዝብ የምታገለግሉ ሁሉ ልብ በሉ። ሥርዓት ያወጣ ሰው ሥርዓቱን የሳተውን የማየት ግዴታም አለበት። ያልተነበበላችሁን ቃል ከመጣላችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ።