በፎቶው ያልታየው ጎን

ሌንሳ ቅናተኛ ናት፤ ራሷም አትክድም። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለች ሱቋ የሶፋ ልብስ እየሰፋች ከደንበኛ ጋር ስትሳሳቅ የምትውል ልጅ፣ አብሳሎም ስልኩን ሲያነሳ ግን ጆሮዋ ይቆማል።

አብሳሎም ከደብረ ብርሃን መጥቶ ኮሌጅ ሥዕል የሚያስተምር ዝምተኛ ነው። «ለአንድ ሥራ ነው» ብሎ የወንበር ልብስ ካዘዛት ወዲህ ሰበብ እየፈለገ ይመጣል። ያያታል፣ ያቀረቅራል፣ «ደህና ዋይ እህቴ» ብሎ ይሄዳል። አንድ የሰኮሩ ነጋዴ ደግሞ ሊያገባት እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቷ መልሷን እየጠበቁ ነው፤ እሷ የአብሳሎምን ቃል።

ታዲያ አንድ ቀን በሯ ላይ ቆሞ ለአናጺው ለሙርሺድ ሲደውል ሰማችው።

«ከፊት አይቻት አላውቅም፤ ከአንድ ጎን ብቻ ነው የማውቃት። ግን ሌት ተቀን እሷን ነው የማስበው። አሁን ሰርቦ ሄጄ አያታለሁ።»

ሰርቦ ሲል የመጣችባት የዚያው ከተማ ልጅ ሱሀይላ ናት፤ ዓይኗን ተኩላ ከኋላ ከኋላው የምትለው ተማሪው። ሌንሳ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች፣ ሱቋን ቆለፈች፣ በሚቀጥለው ሚኒባስ ተከተለችው። ሰርቦ ስትደርስ እሱን የጫነው ሚኒባስ ረዳት የት እንደወረደ ነገራት።

የወረደው አንድ ባዶ የቡና መጋዘን ደጃፍ ነበር። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አብሳሎም ብቻውን ተንበርክኮ የጀሪካን ክዳን ኮምፔንሳቶ ላይ ይለጥፋል።

«የት አለች?»

«ማን?»

«ሌት ተቀን የምታስባት።»

ግራ ገብቶት ዙሪያውን በእጁ አሳያት። «ይቺው ናት እኮ።»

የጠፈር መርከብ ናት። ልጅ ሳለ በጎረቤት ቴሌቪዥን ያየው የድሮ ተከታታይ ፊልም ላይ የነበረችውን መርከብ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሏን፣ ከሁለት ደብዛዛ ፎቶዎች ተነስቶ ለሰፈሩ ልጆች ሊሠራት ነው። ወንድ የወደደውን ዕቃ በሴት እንደሚጠራ ሌንሳ ጠፍቷት አይደለም። ቅናት ግን ሰዋስው አያውቅም።

እፎይ ማለት ነበረባት። ጭራሽ ባሰባት።

«በሰው ብቀና ወግ ነበር» አለች። «ኤጋ፣ እንግዲህ በኮምፔንሳቶ ልቅና?»

«ትቀኛለሽ እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

ፊቷን ስታዞር የቀኙን ግድግዳ አየችው። ከክዳን የተሠራ አንድ የመቆጣጠሪያ ቁልፍ እንኳ የለበትም።

«ይሄስ ለምን ባዶ ሆነ?»

«በፎቶዎቹ አይታይም። ያላየሁትን ብሠራ እሳሳታለሁ ብዬ ተውኩት።»

ሌንሳ ግድግዳውን አየች፣ እሱን አየች። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ገባት።

«እኔንም እንደዚህ ነው የተውከኝ?»

የያዘውን ክዳን አገላበጠ።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔ ነቅዣለሁ። እሑድ የሰው ሽማግሌ አባቴ ቤት ይቀመጣል፣ አንተ እዚህ ፎቶ ታያለህ።»

«በልብሽ ያለውን በምን አውቃለሁ? ብሳሳትስ?»

«ተሳሳታ።»

አብሳሎም ተነሳ። ኮላ ያጨማለቀውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። የዛሬን አላቀረቀረም።

«እወድሻለሁ» አለ። «ከእሑድ በፊት የእኔ ሽማግሌዎች አባትሽ ዘንድ ይገባሉ። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።»

ሌንሳ የምታርመው አላገኘችም።