ገሠሠ የሚቆምበት ቦታ

የገሠሠን አስከሬን ያገኙት ከጎጀብ መሻገሪያ በታች ነው። ውሃ ላይ የተንጋደደ የዛፍ ሥር ይዞታል። ግንባሩ ተፈንክቷል። እግሩ ባዶ ነው፤ ጀልባው ላይ ሲሆን ጫማ አድርጎ አያውቅም።

ጀልባው ባዶውን መሃል ወንዝ ላይ በገመዱ ተይዞ ቆሟል።

አሮጌ የፋይበር ጀልባ ነው። ድሮ በሸራ ይሄድ ነበር። ከላንጋኖ በጭነት መኪና ያመጣው ሰው ትቶት ሲሄድ ገሠሠ ሸራውን ጥሎ ምሰሶውን አስቀረ። ከዳር እዳር በተወጠረው ገመድ እየሳበ ሰው ያሻግርበት ነበር።

ኢንስፔክተር ፍቅርአዲስ ከቦንጋ ስትደርስ ሰዉ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

“ሚሊዮን ነው” አለች የሟች ሚስት ዘነበች። “‘ወንዙ ይብላህ’ ብሎታል። አገር ሰምቷል።”

ሚሊዮን እዚያው መሻገሪያ ላይ የእንጨት ታንኳ አለው። ጀልባው ከመጣ ወዲህ የሚሳፈርለት አጥቷል። ዳር ላይ ደግሞ የእሱ መቅዘፊያ ለሁለት ተሰብሮ ተገኝቷል።

“ዘንቦ ነበር። ተንሸራትቶ ቢሆንስ?” አለች ፍቅርአዲስ።

ዘነበች ራሷን ነቀነቀች። “የጀልባውን ወለል እኮ ገና ማደሱ ነው! ያለቀውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ። ቀለም ቀባ። ሳይደርቅ የወንዝ አሸዋ ነፍቶ በተነበት፤ ያልያዘውን ጠርጎ ደግሞ ቀባ። አሸዋውን የነፋው በሻይ ማጥለያዬ ነው። ‘አበላሸኸው’ ብዬ ተቆጣሁት። ለማጥለያ! እሱ ግን ይስቅ ነበር። ‘አሁን ይይዛል፤ አሮጊት በዝናብ ብትጨፍርበት አትወድቅም’ አለኝ።”

እዚያ ወለል ላይ ሰው አይንሸራተትም። ስለዚህ ገፍተውታል። ሁሉም ያመነው ይህንን ነው፤ ፍቅርአዲስም አመነች።

ሚሊዮን ታሰረ።

“መቅዘፊያህ ለምን ተሰበረ?”

“ድንጋይ መታሁበት።”

“ለምን?”

“እሱን ከምመታ ብዬ።”

“እርግማኑስ?”

“ተናድጄ ነው፣ እትዬ። ወንዙ የሚሰማኝ ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር ለምኜው ነበር።”

ወደ ክፍሉ ሲመልሱት ዞር አለ። “ቀብሩ ላይ መቆም ነበረብኝ። ስንጣላም ቢሆን ጎረቤቴ ነው።”

ይህ ቃል አልለቀቃትም። ወደ ወንዙ ተመለሰች። ዝናቡ ካፊያ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ጀልባው ላይ ወጣች። ወለሉ እግሯን ቆንጥጦ ያዘ። ዘነበች እውነቷን ነው።

ወደ ምሰሶው ሄደች። ገሠሠ ገመዱን ሲስብ የሚቆመው እዚያ ነው።

እግሯ ከዳት። ምሰሶውን አቅፋ ተረፈች። የምሰሶው ብረት ከግንባሯ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ተንበርክካ በጥፍሯ ፋቀች። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ ተሞልቷል። ጥፍሯ ውስጥ የገባውን አሸተተችው። ማር ማር ይላል።

ሰም ነው።

ለቅሶ ቤት የተደበቀ እጅ ትዝ አላት። የገሠሠ አባት ጋሽ ጣሰው፣ የማንኪራ ጫካ ንብ አርቢ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሳሉ ነው ሞቱ የደረሰባቸው። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አያወጡም ነበር።

ድንኳኑ ሥር አጠገባቸው ተቀመጠች።

“አባባ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።”

አወጡት። ጣቶቻቸው ተቃጥለው ውሃ ቋጥረዋል።

“ትኩስ ሰም ነው?”

ዘነበች ቀና አለች።

“ልጄ ገመድ ሊገዛ ቦንጋ ሄዶ ነበር” አሉ ሽማግሌው። “የጀልባውን ወለል አየሁት። ሻካራ። እኛ ቀፎ እንኳ እንዲያ አንተውም። ስንጥቁን፣ ሻካራውን በሰም ሞልተን እናለሰልሳለን፤ ሻካራ ነገር ውሃ ይይዛል፣ ውሃ የያዘ ይበሰብሳል። ደግሞ በባዶ እግሩ ነው የሚቆመው፤ ይላጣል አልኩ። የሚቆምበትን ብቻ… ሲመጣ እንዲደሰት። ሥራው ያላለቀ መስሎኝ ጨረስኩለት።”

“መቼ አወቁ?”

“ሰሙን ያቀለጥኩት ደጃፉ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ፈሶ ነበር። የሞተ ዕለት በዝናቡ ስወጣ እግሬ እዚያ ላይ ሸተት አለ። ያኔ ገባኝ።”

“ሚሊዮን ሲታሰርስ?”

“የልጅ ልጆቼ የሚጠሉት ሰው አገኙ። እኔ ባልሆን ብዬ ዝም አልኩ።”

ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ፍቅርአዲስ ሚሊዮንን አስፈታች። ሽማግሌውን ይዛ ወደ ቦንጋ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ለመኑ። “ሰሙን ልፋቀው። ሰው ይሻገርበታል።”

ጀልባው ላይ ተንበርክከው በቢላዋ ሲፍቁ ሚሊዮን ዳር ላይ መጥቶ ቆመ።

“ደነዝ ነው” አለ ቢላዋውን አይቶ። የራሱን አቀበላቸው። ጀልባው እንዳይወዛወዝም ጠርዙን ያዘ።

ፋቁ። በላምባ፣ ከዚያ በሳሙና አጠቡ። ሲደርቅ ከተረፈው ቀለም ቀቡ። ዘነበች ቁልቁል መጣች፤ ዞር ብላ አላየቻቸውም። የተጣመመውን የሻይ ማጥለያ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

አሸዋውን ነፍተው በተኑበት። ደግሞ ቀቡ።

ቀለሙ ሲደርቅ ጋሽ ጣሰው ውሃ በመዳፋቸው ጨልፈው አፈሰሱበት። የተቃጠለውን እጃቸውን ልጃቸው የሚቆምበት ላይ ጫን አድርገው ጎተቱት።

ያዘው።