ከውጭ የሚቆለፈው ግንብ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ሚካኢል ግን በዐይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ጃንዋሪ 2006 ነው፤ ሴንት ፖል፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

እኔና ጓደኛዬ ሀዚም ሴኩሪቲ ነበርን። የምንጠብቀው አንድ የፈረሰ ግንብ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አውሮፓ ውስጥ አንድ ባላባት እንደ ምሽግ አድርጎ ያሠራው መኖሪያ ነበር። ኋላ አንድ የሚኒያፖሊስ የዱቄት ነጋዴ ድንጋዩን በሙሉ በመርከብ አስጭኖ አመጣና እዚህ መልሶ አስገነባው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!

አሁን የቅርስ ጥበቃ ማኅበሩ ድንጋዩ እንዳይሰረቅ እኛን ቀጥሯል።

አንድ ነገር ግን ደስ አይለኝም ነበር...

የበሩ መቀርቀሪያ ያለው በውጭ በኩል ነው። ቀስት የሚወረወርባቸው ቀዳዳዎችም የሚያነጣጥሩት ወደ ግቢው ውስጥ ነው።

"ሲገጥሙት ተሳስተው ነው" ይላሉ የማኅበሩ ሰዎች።

ደንቡም ይገርማል። አንዱ ለቅኝት ሲገባ ሌላው ከውጭ ይቆልፍበታል። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

ያን ቀን ሀዚም ገባ፤ ቆለፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የሚስቱ የፈዲላ እህት ኢሽራቅ ናት።

"ፈዲላ ሌበር ላይ ናት፤ ምጥ ይዟታል! ሀዚም ስልኩን አያነሳም። ቶሎ ድራይቭ አድርጎ ሆስፒታል ይምጣ በለው!"

የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ስንት ዓመት የጠበቁት...

በሬዲዮ ጠራሁት። ዝም።

ቁልፉን ላዞር ብል በረዶ ይዞታል። ተቻኩዬ የፔርሙዙን ፍል ውሃ ደፋሁበት። ውሃው ወደ ደጃፉ ድንጋይ ወረደ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ... ቢስሚላህ አላልኩም።

እናቴ ወሎ እያለን ፍል ውሃ መሬት ላይ ስትደፋ ቢስሚላህ ሳትል አታውቅም። "ከታች ያሉትን ጂኒዎች እንዳታቃጥሉ" ትለን ነበር።

ከድንጋዩ ሥር አንድ ነገር አቃሰተ...

ፈራሁ። ግን ሀዚም ሚስቱ ጋ መድረስ አለበት። ከፈትኩ።

ሀዚም በሩ ሥር ቆሞ ነበር።

"ወለደች?" አለኝ።

እኔ ገና ምንም አልነገርኩትም።

"ኧረ ገና ነው... ማን ነገረህ?"

አልፎኝ ወጣ። በዚያ ብርድ ከእኔ አፍ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ከእሱ አፍ ምንም አልወጣም። መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ... የሀዚም ድምፅ ነው። በሹክሹክታ።

"ሚካኢል... በሩን እንዳትከፍት። እኔን የሚመስል ሰው ወደ በሩ እየመጣ ነው..."

ስሙን እየጠራሁ ገባሁ። ጥግ ጥጉን ፈለግሁት። ማንም የለም። በግቢው በረዶ ላይ ከእኔ ሌላ የአንድ ሰው ዱካ ብቻ አለ፤ የገባበት። የወጣበት የለም።

ለኢሽራቅ ደወልኩ። አታነሳም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ አነሳችው።

"ወንድ ልጅ! አልሐምዱሊላህ!"

"ኢሽራቅ፣ ልጁን ለሀዚም እንዳትሰጡት!"

"ምን ሆነሃል አንተ? ታቅፎታል እኮ። ጆሮው ላይ አዛን እያለለት..."

ድንገት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ሚካኢል... የሚለው አዛን አይደለም።"

ሹክሹክታው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ሕፃኑ እያለቀሰ ነበር፤ ዝም አለ።

ከዚያ... ሳቀ።